በሞቴ የማይል ግድግዳ

እማዋይሽ ጠዋት ቢሮ ስትገባ ግድግዳው አርባ አንድ ሺህ ማመልከቻ ወስኖ ጨርሶ ይጠብቃታል። "ደህና አደርሽ?" ይላታል። "እግዚአብሔር ይመስገን" ትላለች እሷም፣ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ እያንጠለጠለች። አርባ አንድ ሺህ ማመልከቻ ማለት ድሮ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሠራተኛ ዓመቱን ሙሉ ሲያንከባልለው የሚኖር ሥራ ነው። አሁን በፌዴራል ድጎማ ጽሕፈት ቤት የቀሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ እማዋይሽ፣ አለቃዋ ልሳኑ እና በሩን የሚጠብቁት አዛውንት። በሩን ከማን እንደሚጠብቁት እንጃ፤ ወደዚያ ቤት ባለጉዳይ ብቅ ካለ አስራ አንድ ዓመት አለፈው።

የግድግዳው ስም "ግልጥ" ይባላል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግልጥ በጎ ነገር ነው። ከእሱ በፊት አንድ መንደር ውሃ ፈልጎ ለመንግሥት ሲያመለክት ስድሳ አራት ጥያቄ ሞልቶ፣ ሰባት ማኅተም አስመትቶ፣ የስንቱን ደጅ ጠንቶ ነበር የሚያገኘው፤ ያውም ካገኘ። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለውን ተረት ከዚህ አገር ነቅሎ የጣለው ግልጥ ነው። አሁን የመንደሩ ሊቀመንበር መንደሩ ውስጥ በተተከለው ግድግዳ ፊት ቆሞ ችግሩን በአፉ ይናገራል። ግልጥ ስድስት ነገር ይጠይቀዋል፤ በዘጠኝ ሰከንድ ተራ ይሰጠዋል። ማን ምን እንደጠየቀ፣ ማን ስንተኛ እንደሆነ፣ ማን እንደተሰጠው፣ በአገሩ ባለው ግድግዳ ሁሉ ላይ ለሁሉም ይታያል። የሚደበቅ የለም፣ የሚሰረቅም የለም።

የእማዋይሽ ሥራ "ዝምታ መርማሪ" ይባላል። ግልጥ ከዘጋቸው ጉዳዮች ውስጥ ማንም ቅሬታ ያላነሳባቸውን፣ በቀን ሃያውን፣ አንድ ሰው በዓይኑ እንዲያይ ሕጉ ያዝዛል። ለግልጥ ቅሬታ የለም ማለት ሰው ረክቷል ማለት ነው። እማዋይሽ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት በትዳር የኖረች ሴት ስለሆነች ዝምታ ሁሉ እርካታ አለመሆኑን ታውቃለች።

አንድ ማክሰኞ አስራ አንደኛው ፋይል ላይ ስትደርስ ቆመች።

ጉዳዩ የሁለት መንደሮች ነበር። ሰርዶ በርና ግራር ዋሻ ይባላሉ፤ በምሥራቁ ደረቅ ሜዳ ጫፍ፣ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ተራርቀው የተቀመጡ ጎረቤታሞች ናቸው። ወንዝም ጉድጓድም የላቸውም። የሚጠጡት "ጠል ሳቢ" ከሚባለው ማሽን ነው፤ ከአየር ላይ እርጥበት እየሳበ ውሃ የሚያደርግ። የማሽኑን ማጣሪያ ሰዉ "ሳንባ" ይለዋል፤ በአስራ ሁለት ዓመቱ ያረጃል፣ ካረጀ ደግሞ ጠል ሳቢው ቆርቆሮ ነው። የሁለቱም መንደሮች ሳንባ በአንድ ዓመት የተተከለ ስለነበር በአንድ ዓመት አረጀ። ሁለቱም አዲስ ጠየቁ። ግልጥ ለሰርዶ በር አንደኛ፣ ለግራር ዋሻ ሁለተኛ ተራ ሰጠ። የመጀመሪያው በሳምንቱ፣ ሁለተኛው በወሩ ይደርስ ነበር። ሁለቱም ይደርሳቸው ነበር፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

ሰርዶ በር ተራውን ለቀቀ። አንደኝነቱ ለግራር ዋሻ አለፈ። በማግሥቱ ግራር ዋሻ ለቀቀ። ተራው ወደ ሰርዶ በር ተመለሰ፣ ሰርዶ በር እንደገና ለቀቀ። እንዲህ ሲሉ ሦስት ሦስት ጊዜ ተለዋወጡት። ደንቡ ደግሞ ሦስት ጊዜ ተራውን የለቀቀ ፍላጎት የለውም ይላል፤ ጉዳዩ ይዘጋል፣ ለሁለት ዓመትም አይከፈትም። ከፋይሉ ግርጌ ግልጥ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ "ፍላጎት፦ የለም። ቅሬታ፦ የለም። እርካታ፦ ሙሉ።"

እማዋይሽ የድምፅ ቅጂውን ከፈተች። "ግድ የለም፣ እነሱ ይቅደሙ" ይላል አንድ የሽማግሌ ድምፅ። "ኧረ በጭራሽ! በሰው ተራማ አንገባም፣ እነሱ ይቅደሙ" ትላለች አንዲት ሴት። በመጀመሪያ ሳቀች። ሠርግ ቤት በር ላይ ሁለት ሽማግሌዎች "ይግቡ"፣ "ኧረ እርስዎ ይግቡ" ሲባባሉ ከኋላቸው ያለው ሰው ሁሉ ፀሐይ ላይ የሚደርቀው ነገር ነው። ከዚያ የፋይሉን ቀን አየችና ሳቋ ቆመ። ከተዘጋ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ለአሮጌዎቹ ሳንባዎች የቀራቸው አርባ ቀን ነው።

እዚህ አገር እምቢታ የመጀመሪያው ቃል እንጂ የመጨረሻው አይደለም። ሰው ብላ ሲባል "አሁን በልቼ መጣሁ" ይላል። ግድ ሲባል "ኧረ በቃኝ" ይላል። "በሞቴ" ሲባል ይጎርሳል። ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ግልጥ ግን "በልቻለሁ" ያለውን ሰው አምኖ ማዕዱን አንስቶ የሚሄድ ነው። ባለጌ ሆኖ አይደለም፤ የተነገረውን ነው የሚሰማው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ከስድሳ አራቱ ጥያቄዎች ሃምሳ ሁለተኛው "ጥያቄዎን ለምን ተዉት?" ይል ነበር። ባለጉዳዩ "ግድ የለም" ብሎ ይሞላል። "ግድ የለም" የሚል መልስ ደግሞ በደንቡ አይበቃም፤ ስለዚህ አንድ ጸሐፊ ስልክ ያነሳና ምን ሆናችሁ፣ ማን አስቀየማችሁ፣ በሞቴ አትተዉት ይላል። ሰውዬው ትንሽ ይግደረደርና እሺ ይላል። አሠራሩ ሲቃለል ስድሳ አራቱን ወደ ስድስት ያወረደው ኮሚቴ ሃምሳ ሁለተኛውን ያለ ክርክር ሰረዘው። ዘጠና ከመቶው ሰው የሚሰጠው መልስ አንድ ዓይነት ከሆነ ጥያቄው ምን ይሠራል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ሐሳቡን ያቀረበችው እማዋይሽ ናት። ለዚያ ሥራዋ የተሰጣት የምስክር ወረቀት እስከ ዛሬ ሳሎኗ ውስጥ ተሰቅሏል።

ሰርዶ በር ደወለች። የመንደሩ ሊቀመንበር ጋሽ ደምሰው አነሱ፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ማንነቷን ስትነግራቸው ደስ አላቸው።

"ለግራር ዋሻዎች ገባላቸው አይደል?" አሉ። "እንኳን ደስ አላቸው። በድርቁ ዓመት የእኛ ማሽን ቢበላሽ አርባ ቀን ሙሉ ከአፋቸው ቀንሰው ያጠጡን እነሱ ናቸው። ታዲያ እኛ እንዴት እንቅደም?"

ግድግዳውን አያዩም ወይ ስትል ጠየቀቻቸው፤ ሁሉም እዚያ ላይ ተጽፎ የለም ወይ።

"ጋቢ አልብሰነዋል" አሉ። "የሚበላን ሰው አፍ ማየት ነውር ነው ልጄ። ‹የሰጡንን ይቆጥራሉ› እንዳይሉን።"

ግራር ዋሻም ደወለች። ሊቀመንበሯ እትዬ ጠጂቱ ናቸው፤ ቁጡ ሲሆኑ ልባቸው ግን ቅቤ ነው። እሳቸውም ግድግዳቸውን በነጠላ ሸፍነውታል። እሳቸውም ሰርዶ በሮች አዲስ ውሃ እየጠጡ መስሏቸዋል። ታዲያ ሄደው እንኳን አይጠይቁም? በዚህ ሰዓት ብንሄድ ውሃ ልንለምን የመጣን አይመስላቸውም ወይ ብለው መለሱላት። ያን ሁሉ ብርሃን፣ ያን ሁሉ ግልጽነት፣ አንድ ጋቢና አንድ ነጠላ አሸነፉት። እማዋይሽ ስልኩን ዘግታ ፊቷን በእጇ ይዛ ተቀመጠች፤ አፈረች፣ በማን እንዳፈረች ግን መለየት አቃታት።

ልሳኑ ክፉ ሰው አይደለም። ከእሷ ጋር ሃያ ዓመት ሠርቷል። አባቱ ለኩላሊት ሕክምና ድጎማ አመልክተው ሰባተኛውን ማኅተም ሲጠብቁ ነው የሞቱት፤ ግልጥን እንደ ልጁ የሚወደው በዚያ ምክንያት ነው። ነገሩን ስትነግረው ተናዶ ደንቡን ከላይ እስከ ታች በረበረ። ሁለቱ ሳንባዎች የት እንዳሉ ፈለገ። አንደኛው ሐይቅ ዳር ላለ ሆቴል ተሰጥቷል፣ ለፏፏቴው ማስጌጫ፤ ለሆቴሉ ሦስተኛው መሆኑ ነው። ሆቴሉ ሲሰጠው እምቢ አላለም። የቀረው አንድ ነው፤ እሱም በአስር ቀን ውስጥ ለሌላ ይሄዳል።

"አንድ መንገድ አለ" አላት። "የብልጫ ቃል ይባላል። ከሁለቱ አንዱ ግድግዳው ፊት ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ የእኔ ችግር ከጎረቤቴ ችግር ይበልጣል ብሎ ይማል። የማለው ያገኛል። የሌላው ግን እንደተዘጋ ይቀራል።"

"ሁለቱም ቢምሉስ?"

"ሁለት ብልጫ የለም።"

"አንተ ክፈትላቸው እንግዲህ። አለቃ አይደለህ?"

ልሳኑ ግድግዳውን አየ፣ እሷን አየ። "አለቃ እንዳይከፍት አድርገን እኮ ነው የሠራነው" አላት። "አንቺም ፈርመሻል።"

በማግሥቱ ተነስታ ሄደች። ሁለት ቀን ሙሉ ተጓዘች፣ አንዱን በባቡር፣ ሌላውን ራሱን በሚነዳ ተሽከርካሪ። የሁለቱ መንደሮች መንገድ የሚገናኘው አንድ የድንጋይ ስንጥቅ ጋ ነው፤ አንድ በአንድ ካልሆነ በቀር ተሽከርካሪ አያሳልፍም። ሁለቱን ሊቀመንበሮች እዚያ ጥላ ሥር ሰበሰበቻቸው። ጋሽ ደምሰውና እትዬ ጠጂቱ ሲተያዩ መጀመሪያ የሌላውን ጤና፣ ከዚያ የልጆቹን፣ ከዚያ የከብቱን ጠያየቁ። ሁለቱም ከንፈራቸው ደርቋል። ሁለቱም ይህን አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

እማዋይሽ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሃምሳ ሁለተኛውን ጥያቄ ማን እንደሰረዘውም አልደበቀችም። ሰምተው ሲጨርሱ እትዬ ጠጂቱ ወደ ጋሽ ደምሰው ዞረው እናንተ ማሉ፣ የእናንተ ሕፃን ይበዛል አሏቸው። ጋሽ ደምሰው እናንተ ማሉ፣ የእናንተ ሽማግሌ ይበዛል አሉ። በሞቴ፣ እኔ አፈር ስሆን፣ በልጆቼ፣ እያሉ ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ተለማመኑ። አንዳቸውም እሺ አላሉም። በመጨረሻ እማዋይሽ ተነስታ የሁለቱም እግር ላይ ወደቀች።

"በሞቴ" አለች። "ማናችሁም ሁኑ። አንዳችሁ እንኳን ትረፉ።"

ጋሽ ደምሰው በሁለት እጃቸው አነሷት። "በሞቴማ የሚባለው ለገዛ ድርሻው ለሚግደረደር ሰው ነው ልጄ" አሉ። "ይሄ ከሰው አፍ ነጥቆ መጉረስ ነው። ያን ውሃ ምን ብለን እንጠጣዋለን?"

እትዬ ጠጂቱም አንገታቸውን ነቀነቁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አንዴ "እነሱ ይቅደሙ" ብለናል፣ አሉ።

አስሩ ቀን አለፈ። የቀረው ሳንባ ለአንድ የመኪና ማጠቢያ ተሰጠ። አርባው ቀን ሲሞላ ሁለቱም ጠል ሳቢዎች አንድ ሳምንት እንኳን ሳይለያዩ ቆሙ። ልሳኑ የቻለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሁለቱ መንደሮች የማዛወሪያ ድጎማ እንዲጠይቁ አደረገ። ይህን ጠየቁ፣ ግልጥም በዘጠኝ ሰከንድ ፈቀደ። ለየመንደሩ አስራ ሁለት ትልልቅ ተሽከርካሪ፣ ሹፌር የሌላቸው፣ ወደ ምዕራቡ የሰፈራ ከተማ የሚወስዱ። ውሃ ተሽከርካሪዎቹ ላይ አለ። መንደሮቹ ይጠፋሉ፣ ሰዉ ግን ይተርፋል። እማዋይሽ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና እንቅልፍ ተኛች።

በጉዞው ቀን ረፋድ ላይ እሷና ልሳኑ ግድግዳው ፊት ቆመው ያያሉ። ሰማይ ላይ ያለው የግልጥ ዓይን ሁለቱን የተሽከርካሪ ሰልፎች እንደ ጉንዳን ያሳያል። ዘጠኝ መቶ ነፍስ። ሁለቱ ሰልፎች እኩል ድንጋዩ ስንጥቅ ጋ ደረሱና ቆሙ።

ልሳኑ ምን ሆኑ አለ። እማዋይሽ ግን ገና ሲቆሙ ገብቷት ስልኳን አንስታለች።

ተሽከርካሪው በደንቡ መሠረት ከፊት የተቀመጡትን ሊቀመንበር "ልለፍ?" ብሎ ይጠይቃል። ግድግዳው ላይ አንድ መስመር ወጣ፦ ሰርዶ በር፣ ተራ ለቀቀ፣ አንድ። ወዲያው ሌላ፦ ግራር ዋሻ፣ ተራ ለቀቀ፣ አንድ። የተሽከርካሪዎቹ መስኮት በጉዞ ላይ አይከፈትም፤ ሁለቱ ሰዎች በመስታወት ውስጥ እርስ በርስ በእጅ ምልክት እለፉ፣ እለፉ ይባባላሉ። ድምፅ አይሰማም። በሞቴ ማለት አይቻልም።

ጋሽ ደምሰው ስልኩን ሲያነሱ ሁለቱም ለሁለተኛ ጊዜ ለቅቀዋል።

"ጋሽ ደምሰው፣ እለፍ በሉት። አሁኑኑ እለፍ በሉት።"

"እትዬ ጠጂቱ አራስ ጭነዋል፣ አያቸዋለሁ ከዚህ። ይለፉና እንከተላለን።"

"ሦስተኛ ጊዜ ከለቀቃችሁ ተሽከርካሪውን ይወስዱባችኋል። አውርዷችሁ ይሄዳል፣ ይስሙኝ።"

ሽማግሌው ሳቁ። ክፉ ሳቅ አይደለም፤ ልጅ የማይሆን ነገር ስታወራ የሚሳቅ ነው። "ሰው በረሃ ላይ ቅደሙ ስለተባባለ ጥሎት የሚሄድማ የለም" አሉ። "እንደዚያ ያለ ባለጌ አልተፈጠረም።" ከዚያ ድምፃቸው ከስልኩ ራቅ ብሎ ተሰማት፣ ለተሽከርካሪው ሲናገሩ፤ "እነሱ ይቅደሙ።"

ሦስት። ግራር ዋሻም ሦስት።

የሃያ አራቱም ተሽከርካሪ በር እኩል ተከፈተ። ሰዉ ወረደ፤ ውረዱ ሲባል ምክንያት ይኖራቸዋል ብሎ ነው የወረደው። እማዋይሽ ስልኩ ላይ አትውረዱ እያለች ነበር፣ የሚሰማት አልነበረም። አንዲት ሴትዮ ከደረጃው ስትወርድ በሩን እንደ ሰው ጎንበስ ብላ ስታመሰግነው በግድግዳው ላይ ታየች። በሮቹ ተዘጉ። ሃያ አራቱም ባዶአቸውን ዞረው አቧራ አስነስተው ሄዱ።

ልሳኑ ግልጥን ለምኖት አያውቅም ነበር፤ በዚያን ቀን ለመነው። ግልጥ በትሕትና መለሰለት። ሌላ ተሽከርካሪ እንዲላክ ከመንደሩ ጥያቄ መቅረብ አለበት፤ ጥያቄ የሚቀርበው በመንደሩ ግድግዳ ነው፤ ግድግዳዎቹ ደግሞ በግማሽ ቀን መንገድ ወደኋላ፣ ጋቢና ነጠላ ለብሰው ቆመዋል። ቢደርሱም ጉዳያቸው ተዘግቷል። ልሳኑ ሹፌር ያለው መኪና አገኝ እንደሆነ ብሎ ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። በአገሩ ሰው የሚነዳው መኪና ስንት እንደቀረ ሁለቱም ያውቃሉ። ቢገኝም ሁለት ቀን ይፈጃል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል ይሄን።

እማዋይሽ ብቻዋን ቀረች። ግድግዳው ላይ የሁለቱ መንደር ሰው በድንጋዩ ጥላ ሥር መሰብሰብ ጀምሯል። አሁን በመካከላቸው መስታወት የለም። ከስንቅ ጋር የወረደ አንድ በርሜል ውሃ ነበራቸው፤ ለዘጠኝ መቶ ሰው፣ ቢቆጥቡት እስከ ነገ ቀትር። ጋሽ ደምሰው ጣሳ ሞልተው በሁለት እጃቸው ለእትዬ ጠጂቱ ዘረጉ። እትዬ ጠጂቱ በእጃቸው ገፉት። ጋሽ ደምሰው እንደገና ዘረጉ፣ እንደገና ተገፉ።

ስልኩ አልተዘጋም ነበርና የሽማግሌው ድምፅ ከሩቅ መጣ።

"በሞቴ" አሉ።

እትዬ ጠጂቱ ጣሳውን ተቀበሉ፣ ተጎነጩ፣ ለአራሷ አቀበሉ። አራሷ ከሰርዶ በር ለመጣች አንዲት አሮጊት አቀበለች። ጣሳው ከእጅ ወደ እጅ ሄደ፤ እምቢ ያላለ አንድም ሰው አልነበረም፣ ያልጠጣም አንድም ሰው አልነበረም።

እማዋይሽ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ግልጥ የሰዉን ሁኔታ ሲመዝን ቆይቶ ፋይሉን ዘጋና ለነገ ምርመራ ከሃያዎቹ ጋር አሰለፈላት። ከግርጌው እንዲህ ይላል፦ "ፍላጎት፦ የለም። ቅሬታ፦ የለም። እርካታ፦ ሙሉ።"